ሦስት ጊዜ የተወዳደረችው ዕጩ፦ ባርባራ ጆርዳን እና የቴክሳስ ምክር ቤት

ባርባራ ጆርዳን ለቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት ሦስት ጊዜ ተወዳድራለች፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962፣ በ1964 እና በ1966። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ተሸነፈች፤ በሦስተኛው አሸነፈች። በእነዚያ አራት ዓመታት ትምህርቷ ያው፣ አንደበተ ርቱዕነቷ ያው፣ ለዝቅተኛው ሠራተኛ ያላት ወገንተኝነትም ያው ነበር። የተለወጠው ነገር ማን ድምፅ መስጠት እንደሚችልና የተሰጠው ድምፅ በየትኛው ክልል ውስጥ እንደሚቆጠር ነው። ስለዚህ የዕጩነቷን ታሪክ ለመረዳት የሕይወት ታሪኳንና አቋሞቿን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ የቴክሳስ የምርጫ ሕግ እንዴት ይሠራ እንደነበርም ማየት ያስፈልጋል።

የአሜሪካ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ አውጪ አካል አላቸው። የቴክሳሱ የሚቀመጠው በአውስቲን ከተማ ሲሆን፣ 31 አባላት ያሉት ሴኔትና 150 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት አለው። መደበኛ ጉባኤው በሁለት ዓመት አንዴ ይካሄዳል፤ ከ140 ቀንም አይበልጥም። ጊዜው አጭር ይሁን እንጂ የሚወሰንበት ጉዳይ ብዙ ነው፤ የትምህርት ቤት በጀት፣ የሽያጭ ታክስ፣ የጉዳት ካሳ፣ የመራጮች ምዝገባ፣ የምርጫ ክልሎች ድንበር ጭምር። ዓለም የሚያውቀው ዋሽንግተን ያለውን ኮንግረስ ቢሆንም፣ አንዲት የላውንደሪ ሠራተኛ በሰዓት ስንት ይከፈላት የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልስ የሚያገኘው እንዲህ ባለው የግዛት ምክር ቤት ነው።

ባርባራ የተወለደችው በየካቲት 1936 በሂዩስተን ከተማ፣ ፊፍዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ነው። አባቷ ቤንጃሚን ጆርዳን የመጋዘን ሠራተኛ ነበሩ፤ ኋላም የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆኑ። እናቷ አርሊን በወጣትነታቸው በቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ በንግግር ችሎታቸው የታወቁ ነበሩ። ከሦስት ሴት ልጆች የመጨረሻዋ ባርባራ ናት። ቤቱ ድሃ ይሁን እንጂ የተራበ አልነበረም፤ ሥነ ሥርዓቱ ግን ጥብቅ ነበር። አባቷ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ከፍተኛ ውጤት ካላመጡ በቀላሉ የሚያልፉ ሰው አልነበሩም።

በልጅነቷ ይበልጥ የቀረፃት ሰው ግን የእናቷ አባት ጆን ኤድ ፓተን ናቸው። ሥራቸው በጋሪ እየዞሩ አሮጌ ጨርቅ፣ ወረቀትና ብረታ ብረት መሰብሰብ ነበር፤ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ቆራሌው የሚሠራው ዓይነት ሥራ። እሑድ ሌላው ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ሲውል ባርባራ ከአያቷ ጋር ዕቃ ስትለይና ስትመዝን ትውላለች፣ ከገቢውም ድርሻዋን ታገኛለች። አያትየው የማንም ጥገኛ እንዳትሆን፣ ማንንም ለመምሰል እንዳትሞክር ደጋግመው ይመክሯት ነበር። እኚህ ሰው የአንድ ሕግ አውጪ ልጅ መሆናቸው ለዚህ ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው። አባታቸው ኤድዋርድ ፓተን በ1891 የቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ነበሩ። ባርባራ ኋላ የቆመችበት ደጃፍ እንግዲህ ለቤተሰቧ አዲስ አልነበረም፤ ሁለት ትውልድ የተዘጋ ደጃፍ ነበር።

ደጃፉ የተዘጋው ቀስ በቀስና በሕግ ነው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነፃ የወጡት ጥቁሮች በቴክሳስ መርጠዋል፣ ተመርጠዋልም። የመጨረሻው ጥቁር ሴናተር ግን በ1883 ወንበሩን ለቀቀ። ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅም ከተወካዮች ምክር ቤት የመጨረሻው ጥቁር አባል ወጣ። በ1902 የምርጫ ግብር ተደነገገ፤ ድምፅ መስጠት የሚፈልግ ሰው በየዓመቱ አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም መክፈል ነበረበት፤ ካውንቲው (በግዛቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ከፈለገ ደግሞ ሌላ ሩብ ዶላር ይጨምርበታል። ለጥጥ ለቃሚና ለቤት ሠራተኛ ይህ የቀን ምንዳ ነው። ግብሩ የሚከፈለው ምርጫው ከመድረሱ ወራት አስቀድሞ ስለሆነ ደረሰኙን ይዞ የሚቆይ ድሃ ጥቂት ነበር። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ የዲሞክራቲክ ፓርቲው ቅድመ ምርጫ ለነጮች ብቻ መሆኑ ነው። በዚያን ዘመን ቴክሳስ የአንድ ፓርቲ ግዛት ስለነበረች በቅድመ ምርጫው ያሸነፈ ሰው ወንበሩን እንደያዘ ይቆጠራል፤ የኅዳሩ ምርጫ ለወጉ ያህል ነው። ጥቁሮች በኅዳር ድምፅ ቢሰጡም የሚሰጡት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነበር።

ይህን የነጮች ቅድመ ምርጫ በ1944 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያስፈረሰው ሎኒ ስሚዝ የሚባል የሂዩስተን የጥርስ ሐኪም ነው። ያኔ ባርባራ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በፊሊስ ዊትሊ ትምህርት ቤት ስትከታተል ኤዲት ሳምፕሰን የተባለች የቺካጎ ጥቁር ጠበቃ ለተማሪዎች ንግግር ልታደርግ መጣች። ባርባራ ጠበቃ ለመሆን የወሰነችው ያን ቀን ነው። በ1952 ወደ ቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የዘር ልዩነት የወለደው ነው፤ ሄማን ስዌት የተባለ ጥቁር በአውስቲን የሕግ ትምህርት ቤት ልግባ ብሎ በ1946 ሲከስ፣ ግዛቱ እሱን ከማስገባት ይልቅ በሂዩስተን ለጥቁሮች የተለየ ተቋም ማቋቋምን መረጠ። በዚያ ተቋም ቶማስ ፍሪማን የሚባል መምህር የክርክር ቡድን ይመራ ነበር። ባርባራ የሐሳብን ቅደም ተከተል፣ ቃልን ሳይጣደፉ ማውጣትን፣ የተቃዋሚን ነጥብ ይዞ መመለስን የተማረችው ከእሱ ነው። ቡድኑ በመላ አገሪቱ እየዞረ ሲወዳደር በደቡብ መንገዶች ላይ ጥቁር የሚስተናገድበት ምግብ ቤትና ማረፊያ ማግኘት ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። በ1956 የሃርቫርድ ተከራካሪዎች ወደ ሂዩስተን መጥተው ከእነ ባርባራ ጋር ገጥመው እኩል ወጡ። ለአንድ ገና አሥር ዓመት ላልሞላው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ቀጥላ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች። በክፍሏ የነበሩት ጥቁር ሴቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ከሂዩስተን። በተነጠለው ትምህርት ቤት ያገኘችው ዕውቀት ከሌሎቹ ተማሪዎች ዕውቀት ጋር የማይተካከል መሆኑን ያወቀችው እዚያ ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ሌሊቱን ስታነብ ታድር ነበር። የተለየ ትምህርት ቤት እኩል ሊሆን እንደማይችል ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስረዳት አላስፈለገም። በ1959 ተመርቃ፣ በአላባማ በሚገኘው ተስኪጊ ተቋም አንድ ዓመት አስተምራ፣ ወደ ሂዩስተን ተመለሰች። የጥብቅና ሥራዋን የጀመረችው በወላጆቿ ቤት በምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ደንበኛው ጥቂት፣ ጊዜዋ ብዙ ነበር።

ያን ትርፍ ጊዜ በ1960 ለፕሬዚዳንትነትና ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ለተወዳደሩት ለኬኔዲና ለጆንሰን ቅስቀሳ አዋለችው። መጀመሪያ የተሰጣት ፖስታ የመለጠፍና ቴምብር የመምታት ሥራ ነው። አንድ ምሽት የተመደበው ተናጋሪ ሲቀር እሷ እንድትናገር ተጠየቀች፤ ከዚያ ወዲያ ቴምብር እንድትመታ የጠየቃት የለም። ከንግግሩ ይልቅ ለፖለቲካ ሕይወቷ ትምህርት ቤት የሆናት ግን የድርጅቱ ሥራ ነው። ሂዩስተን በምትገኝበት በሃሪስ ካውንቲ ባሉ አርባ የጥቁሮች የምርጫ ጣቢያዎች በየመንደሩ ተጠሪ እየመደቡ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ፣ የምርጫ ግብሩን ማን እንደከፈለ ማን እንዳልከፈለ እየመዘገቡ መራጩን አወጡት። በእነዚያ ጣቢያዎች ሰማንያ በመቶ ያህሉ መራጭ ወጣ።

በ1962፣ በ26 ዓመቷ፣ ራሷ ዕጩ ሆነች። ሃሪስ ካውንቲ ዴሞክራትስ የተባለው የለዘብተኞች ጥምረት ለተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ቁጥር 10 እንድትወዳደር ገፋፋት። የምዝገባው ክፍያ 500 ዶላር ነበር፤ እሷ ስላልነበራት ተበድራ ከፈለች። በየመድረኩ ስለ ግዛቱ በጀት፣ ለድሆች ስለሚሰጥ ድጋፍ፣ መንግሥት ራሱን መርዳት ለማይችል ሰው ስላለበት ኃላፊነት ትናገራለች። ሕዝቡ ተነሥቶ ያጨበጭብላታል። በዚህ መሐል አንድ የዩኒቨርሲቲ ምሁር ማሸነፍ እንደማትችል ነገራት፤ ጥቁር መሆኗን፣ ሴት መሆኗንና ሰውነቷ ግዙፍ መሆኑን እንደ እንቅፋት እየቆጠረ። የእሷ መልስ ሥራዋን መቀጠል ነበር።

ውጤቱ ሲቆጠር 46,000 ያህል ድምፅ አገኘች፤ ተቀናቃኟ ዊሊስ ዋትሊ 65,000 ያህል። አሃዙን በቅርብ ሲያዩት ነገሩ ይገለጣል። ሃሪስ ካውንቲ በ1960 ከአንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ነበረው፤ ከዚህ ውስጥ ጥቁሮቹ ከአምስት አንድ ያህል ናቸው። ካውንቲው ከአሥር የማያንሱ ተወካዮችን ይልካል፤ ነገር ግን አልተከፋፈለም። እያንዳንዱ መቀመጫ በመላው ካውንቲ መራጭ ነው የሚሞላው። ጥቁሮቹ በአንድ አካባቢ ተሰባስበው ይኑሩ እንጂ፣ ያ አካባቢ ለብቻው አንድም ሰው መምረጥ አይችልም። አምስት አንደኛው ሕዝብ ከወንበሮቹ አንዱን እንኳ አያገኝም ማለት ነው። በዚያ ላይ ጥቁሮቹ ለጥምረቱ ነጭ ዕጩዎች ድምፃቸውን በጅምላ ሲሰጡ፣ ነጮቹ መራጮች ለባርባራ አልሰጧትም። ጭብጨባው የመጣበት አዳራሽና ድምፁ የመጣበት ሰፈር አንድ አልነበሩም።

በ1964 ከዚያው ሰው ጋር እንደገና ገጠመች፤ እንደገና ተሸነፈች። ወዳጆቿ ወደ ሰሜን ብትሄድ የተሻለ ዕድል እንዳላት ይነግሯት ጀመር። እሷም አስባበት ነበር፤ ቀረች። በዚህ መካከል የሃሪስ ካውንቲ ዳኛ ቢል ኤሊየት ረዳት ሆና ሠርታለች። ካውንቲ ዳኛ በቴክሳስ ከፍርድ ይልቅ የአስተዳደር ሥልጣን ያለው ሰው ነው፤ የእሷም ድርሻ የድሆችን ጉዳይ የሚመለከቱ መሥሪያ ቤቶችን ሥራ ማስተባበር ነበር። ኋላ በሴኔት ስለ ማኅበራዊ ድጋፍ ስትናገር የቢሮውን ውስጥ ጭምር አውቃ ትናገር የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከዚያ ፍርድ ቤቶቹ መጡ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 1964 ሬይኖልድስ እና ሲምስ በተከራከሩበት መዝገብ፣ የግዛት ምክር ቤቶች ሁለቱም ክፍሎች በሕዝብ ብዛት ላይ ተመሥርተው እንዲከፋፈሉ ወሰነ። የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ግን አንድ ካውንቲ ምንም ያህል ሕዝብ ቢኖረው ከአንድ ሴናተር በላይ እንዳይኖረው ይከለክል ነበር። ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው የሂዩስተን አካባቢ አንድ ሴናተር፣ ከእሱ ብዙ እጥፍ ያነሰ ሕዝብ ያለው የገበሬ አገርም አንድ ሴናተር። የፌዴራል ፍርድ ቤት ይህን በ1965 ሻረው። ምክር ቤቱ ካርታውን እንደገና ሲሥል በሂዩስተን ውስጥ 11ኛው የሴኔት ክልል ተፈጠረ። ባርባራ ክልሉን ስታጠናው በሁለቱ ሽንፈቶቿ አሸንፋባቸው የነበሩት አብዛኞቹ የምርጫ ጣቢያዎች በውስጡ ተካትተው አገኘቻቸው። ክልሉ የጥቁሮች ብቻ አልነበረም፤ ጥቁሮቹ ከግማሽ በታች ነበሩ፤ የቀሩት ሜክሲኮ-አሜሪካውያንና በሠራተኛ ማኅበር የታቀፉ ነጮች ናቸው።

ሌላው ለውጥ የምርጫ ግብሩ መወገድ ነው። ለፌዴራል ምርጫዎች በ1964 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ቀርቶ ነበር። ለግዛት ምርጫ ግን ቴክሳስ እስከ 1966 መጀመሪያ ድረስ ማስከፈሏን ቀጥላለች፤ በየካቲት ፍርድ ቤት አገዳት፣ በግንቦት ቅድመ ምርጫው ደረሰ። ሦስተኛው የባርባራ ውድድር እንግዲህ ለግዛት ምክር ቤት ያለ ደረሰኝ ድምፅ በተሰጠበት በመጀመሪያው ምርጫ ላይ ዋለ።

ተቀናቃኟ ቻርልስ ዊትፊልድ ለሠራተኛው የቆመ፣ የተከበረ ለዘብተኛ ተወካይ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ በፖሊሲ ልዩነት ላይ ሊቆም አልቻለም። ዊትፊልድ ነጭ ሰው በዚህ ክልል ማሸነፍ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ባርባራ ደግሞ በዚህ ጊዜ አይችልም ብላ በየስብሰባው መለሰች። መልሱ ድፍረት ብቻ አልነበረም። ሃሪስ ካውንቲ ዴሞክራትስ ከሁለቱ መምረጥ ሲኖርበት፣ ጥቁሮች ለነጮች ሲመርጡ የኖሩበትን ያህል አሁን ተራው የማን እንደሆነ እንዲያስብ አስገደደችው፤ ድጋፉንም አገኘች። ከዚያ ወደ ለመደችው ሥራ ተመለሰች። ስሟ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ናሙና አሳትማ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ጥቁር መራጮች በፖስታ ላከች። በሰፊ ልዩነት፣ ሁለት ለአንድ በሚጠጋ ውጤት፣ አሸነፈች።

በጥር 10 ቀን 1967 ቃለ መሐላ ስትፈጽም ከ1883 ወዲህ በቴክሳስ ሴኔት የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር፣ በምክር ቤቱ ታሪክ ደግሞ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በዚያው ምርጫ ከርቲስ ግሬቭስ ከሂዩስተን፣ ጆሴፍ ሎክሪጅ ከዳላስ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ገብተዋል። ሦስቱም ጥቁሮች ናቸው።

የባርባራ አቋሞች በአንድ መስመር የተያያዙ ነበሩ፤ ሕጉ ሳያያቸው የቀሩ ሰዎች ሕጉ ውስጥ እንዲገቡ። በቴክሳስ በዚያን ጊዜ የግዛቱ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚባል ነገር አልነበረም። የፌዴራሉ ሕግ ብዙ ሠራተኞችን ሲሸፍን፣ የቤት ሠራተኞችን፣ የላውንደሪ ሠራተኞችንና አብዛኛውን የእርሻ ሠራተኛ ከውጭ ትቶ ነበር። እነዚህ ደግሞ የፊፍዝ ዋርድ እናቶችና የደቡብ ቴክሳስ ሜክሲካውያን ቤተሰቦች ናቸው። በ1969 የወጣው የግዛቱ የመጀመሪያ ዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ የእነሱን ጉዳይ ይዛ ካለፈችባቸው ሥራዎች ዋነኛው ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰበት ሰው የሚከፈለው ካሳ ከፍ እንዲልም ሠርታለች፤ ይህ ጉዳይ በክልሏ ላሉት ነጭ የፋብሪካ ሠራተኞችም የቅርብ ነበር። ማንን እንደምትወክል አልረሳችም።

ስለ ታክስ የነበራት አቋም ከዚህ ይመነጫል። የሽያጭ ታክስ ከሀብታምም ከድሃም በአንድ መጠን ስለሚወሰድ፣ ገቢውን ሁሉ ለአስቤዛ የሚያወጣው ሰው ከገቢው አንጻር ይበልጥ እንደሚከፍል ታስረዳ ነበር፤ ከተሞች የራሳቸውን የሽያጭ ታክስ እንዲጥሉ የሚፈቅደውን ሕግም ተቃውማለች። በሥራ ቅጥር ላይ አድልዎን የሚከታተል ኮሚሽን እንዲቋቋም፣ ግዛቱ በሚፈራረማቸው ውሎች ውስጥ አድልዎን የሚከለክል አንቀጽ እንዲገባ ጎትጉታለች። ነጥቡ ግልጽ ነው፤ የግብር ከፋዩን ገንዘብ የሚወስድ ተቋራጭ ግብር ከፋዩን በቆዳው ቀለም ከሥራ ሊመልስ አይገባም።

አቋም መያዝ አንድ ነገር ነው፣ ከሠላሳ ወንበሮች መካከል ብቻን ተቀምጦ ማስፈጸም ሌላ። ባርባራ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያዋለችው የሴኔቱን ደንብ በማጥናትና እያንዳንዱን ሴናተር በማወቅ ነው። ከደንቦቹ አንዱ ለእሷ ሁነኛ መሣሪያ ሆነ። በዚያን ጊዜ አንድ ረቂቅ ከተራው ወጥቶ ለውይይት እንዲቀርብ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገው ነበር፤ ከ31 ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ከተቃወመ ረቂቁ አይነሣም ነበር። የምርጫ ግብሩ ሲቀር የመራጮችን ምዝገባ የሚያከብድ ረቂቅ ሲመጣ፣ በጥቁሮችና በሜክሲኮ-አሜሪካውያን ላይ የሚያሳድረውን ጫና አየች። አዳራሹ ውስጥ ንግግር አላደረገችም። በየቢሮው እየዞረች አሥር ሴናተሮችን ለመነች፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ የቆየ ውለታ ያለባቸው ነበሩ። አሥሩ ቃል ሲገቡ እሷ ራሷ አሥራ አንደኛ ሆነች። የረቂቁ ባለቤት ቁጥሩን ሲሰማ ረቂቁን ተወው።

እንዲህ ያለው አካሄድ አድናቆትም ወቀሳም አመጣባት። ሴኔቱ በመጀመሪያው ጉባኤዋ መጨረሻ በሙሉ ድምፅ የምስጋና ውሳኔ አሳለፈላት። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ገና በየካቲት 1967 ስለ ሲቪል መብቶች ሊያቀርቡት ባሰቡት ሐሳብ ላይ ለመምከር ወደ ዋይት ሀውስ ጠሯት። በሂዩስተን ጎዳናዎች ላይ ሰልፍ ይወጡ የነበሩ ጥቁር ወጣቶች ግን ከወግ አጥባቂ ነጮች ጋር ማዕድ መቁረሷን በጥርጣሬ አዩት። ጥርጣሬው የከረረው በ1971 ነው። ምክትል ገዢው ቤን ባርንስ በምርጫ ክልሎች አከላለል ሥራ ውስጥ ቦታ ሰጧት፤ በአዲሱ ካርታ ለሂዩስተን መሐል 18ኛው የኮንግረስ ክልል ተፈጠረ፣ የራሷ የሴኔት ክልል ግን ተበጣጠሰ። ከርቲስ ግሬቭስ የጥቁሮችን የሴኔት ወንበር በኮንግረስ ወንበር ለወጠች ብሎ ከሰሳት፤ በ1972 በቅድመ ምርጫም ገጠማት። ክሱ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ለጊዜው በሴኔቱ የጥቁሮች ወንበር ጠፍቷል። መራጩ ግን በብዙ ድምፅ እሷን መረጠ። ግሬቭስ የጎዳናውን ቁጣ ይዞ ሲመጣ እሷ የያዘችው የደመወዝና የካሳ ሕግ ነበር። መራጩ ይህን መዝኖ መወሰኑ የሚያስገርም አይደለም።

ሴኔቱን ከመልቀቋ በፊት፣ በመጋቢት 1972፣ ባልደረቦቿ ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት አድርገው መረጧት። በልማዱ መሠረት ገዢውና ምክትላቸው ከግዛቱ ሲወጡ ሥልጣኑን የሚይዘው ይህ ሰው ነው፤ ስለዚህም በሰኔ 10 ለአንድ ቀን የቴክሳስ ገዢ ሆነች። አባቷ በዝግጅቱ ላይ ተገኝተው ነበር። እዚያው ታመሙ፤ በማግሥቱ ዐረፉ።

በዚያው ዓመት በሃሪስ ካውንቲ የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በየክልላቸው ተከፋፈሉ። ውጤቱ ወዲያው ታየ፤ ሚኪ ሌላንድ፣ ክሬግ ዋሽንግተን፣ ሰንፍሮኒያ ቶምፕሰንና አንቶኒ ሆል የተባሉ አራት ጥቁሮችና ቤን ሬየስ የተባለ ሜክሲኮ-አሜሪካዊ በአንድ ጊዜ ከሂዩስተን ወደ አውስቲን ሄዱ። ከአሥር ዓመት በፊት አንዲት ሴት በሚገባ ተናግራ ያላስከፈተችውን በር ካርታው በአንድ ምርጫ ከፈተው።

ባርባራ በኮንግረስ ሦስት የምርጫ ዘመን አገልግላለች። ዓለም የሚያውቃት በሐምሌ 1974 በፕሬዚዳንት ኒክሰን ክስ ላይ በሕግ ጉዳዮች ኮሚቴው ባደረገችው ንግግርና በ1976 በዲሞክራቲክ ፓርቲው ጉባኤ ላይ ባሰማችው ቁልፍ ንግግር ነው። ከግዛት ምክር ቤት ልምዷ በቀጥታ የወጣው ሥራዋ ግን በ1975 የተሻሻለው የምርጫ መብት ሕግ ነው። የ1965ቱ ሕግ ዋና ቁጥጥር ቴክሳስን አይነካም ነበር፤ እሷ ቴክሳስን፣ በተለይም እንግሊዝኛ የማይናገሩ ሜክሲኮ-አሜሪካውያን መራጮችን እንዲሸፍን ታገለች። የገዛ ግዛቷ መሪዎች ተቃወሟት። ሕጉ ጸደቀ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 2013 ድረስ ቴክሳስ የምርጫ ክልል ድንበርን ወይም የምዝገባ ደንብን ለመለወጥ የፌዴራል መንግሥቱን ፈቃድ መጠየቅ ግድ ሆኖባት ነበር። የጥርስ ሐኪሙ ክስ፣ የምርጫ ግብሩና የመላ ካውንቲ ምርጫው ታሪክ የተገናኙበት ሕግ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በጥር 1979 ወንበሯን ስትለቅ 18ኛውን ክልል የወረሰው ያው ሚኪ ሌላንድ ነው፤ ኢትዮጵያውያን በሚገባ የሚያውቁት ሰው። በኮንግረስ የረኀብ ጉዳይ ልዩ ኮሚቴ እንዲቋቋም ካደረጉት አንዱና ሊቀ መንበሩ ሆነ፤ በድርቁ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ተመላልሶ መጣ። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጋምቤላ ወደሚገኘው የፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ ሲበር አውሮፕላኑ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ፣ አብረውት ከነበሩት 15 ሰዎች ጋር ሕይወቱ አለፈ። ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ።

ባርባራ ከኮንግረስ በኋላ በአውስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ በሊንደን ጆንሰን የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ቤት አስተማረች። ሄማን ስዌት በክስ የገባበት፣ እሷ ኮሌጅ በገባችበት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ጥቁር ተማሪ የማይቀበል የነበረው ዩኒቨርሲቲ ነው። መልቲፕል ስክሌሮሲስ የተባለ የነርቭ ሕመም ይዟት በተሽከርካሪ ወንበር ትሄድ ነበር። ከ1993 ጀምሮ የአገሪቱን የኢሚግሬሽን ማሻሻያ ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት መርታለች፤ በጥር 1996 በ59 ዓመቷ ዐረፈች።

በሴኔት ሳለች ስትጎተጉተው የነበረው የሥራ ቅጥር አድልዎን የሚከታተል አካል በግዛቱ ሕግ ጸንቶ የቆመው እሷ ሴኔቱን ከለቀቀች ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ምክር ቤቱ በ1983 የቴክሳስ የሰብአዊ መብት ኮሚሽንን አቋቋመ፤ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በጾታው ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ከሥራ የተባረረ ወይም ቅጥር የተከለከለ ሰውም አቤቱታውን በግዛቱ ውስጥ የሚያቀርብበት መሥሪያ ቤት አገኘ።